በአንድ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ የተገናኙ ባላንጣዎች

እማማ የምትኖረው ገፈርሳ ነው። አዲስ አበቤ ገፈርሳን የሚያውቃት በውሃዋ ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ ሲጠጣት ኖሮ አንድም ቀን ሄዶ አያያትም። አሁን በአዲሱ አደረጃጀት ሸገር ከተማ ውስጥ ገብታ ገፈርሳ ጉጄ ክፍለ ከተማ ተብላለች። ለእማማ ግን ያው ገፈርሳ ናት፣ ቡራዩም ያው ቡራዩ ነው፣ ታጠቅም ያው ታጠቅ።

ባለፈው ክረምት ጣሪያዋ አፍስሶ ዕቃ ስናወጣ ስናገባ ከቁም ሳጥኑ ሥር አንድ የብስኩት ቆርቆሮ ብቅ አለ። ክዳኑ ዝጎ እምቢ ስላለን በማንኪያ ፈለቀቅነው። ውስጡ ሽቦ፣ ብሎን፣ የተሰበረ የሬዲዮ ቁልፍ፣ ሌላም ሌላም ኮተት። ከሁሉ ሥር ደግሞ በሲጋራ የብር ወረቀት በጥንቃቄ የተጠቀለሉ ሦስት ባለ ብዙ እግር ነገሮች። ለማያውቅ ሰው የደረቁ ነፍሳት ይመስላሉ። የሬዲዮ ጠጋኞች ‹‹አይሲ›› ይሏቸዋል፣ እኛ የስልክ ትውልዶች ደግሞ ቺፕ።

ቆራሌው በር ላይ ቆሟል። ሚዛኑንም አውጥቷል። ቆርቆሮውን ልሰጠው ስል እማማ ከውስጥ ጮኸች፦ ‹‹እሱ አይነካም! ያያትሽ ነው። ከጦሩ ይዞት የመጣ ነው!››

አያቴን አላውቀውም። እናቴም በደንብ አታስታውሰውም። በንጉሡ ዘመን በጦር ሠራዊቱ ውስጥ ሬዲዮ ጠጋኝ ነበር፤ በ1970 ዓ.ም. መጀመሪያ ወደ ኦጋዴን ሄደ፣ በዚያው ቀረ። ከሱ የተረፈን አንድ ጉርድ ፎቶግራፍና፣ እንደ እማማ አባባል፣ ይህ ቆርቆሮ ነው።

ጋዜጠኝነት ስንማር ‹‹ምንጭህን ጠይቅ፣ ከዚያ ሌላ ምንጭ ፈልገህ አመሳክር›› ነበር የሚሉን። እሺ። ምንጮቼ ሦስት ናቸው፤ አንዳቸውም አፍ የላቸውም። ጀርባቸው ላይ ግን ተጽፎባቸዋል።

መጀመሪያ ነገር ጽሑፉ አይታይም። ቀለሙ ደብዝዟል፣ ግማሹ ጠፍቷል። እዚያው ቡራዩ ውስጥ ስልክ የሚጠግን አንድ ልጅ ነው ዘዴውን ያሳየኝ። ቺፑን ፊት ለፊት ሳይሆን አግድም በስልክ መብራት ያበራበታል፤ ከዚያ መስታወት እንደሚያጸዳ ሰው ትንፋሹን ‹‹ሃ!›› ይልበታል። ለሁለት ሰከንድ ያህል ፊደሎቹ ከጉሙ ውስጥ ብቅ ይላሉ። በዚያች ሁለት ሰከንድ ፎቶ ማንሳት ነው። እኔ አሥራ አምስት ጊዜ ያህል ‹‹ሃ›› ብዬ ነው የተሳካልኝ፤ እማማ ልጅቷ ምን ነካት ብላ ሳታዝን አልቀረችም።

ፊደሎቹ ከወጡ በኋላ ሥራው መለየት ነው። አንድ ቺፕ ላይ አብዛኛውን ጊዜ አራት ዓይነት ወሬ አለ፤ የሠሪው አርማ፣ የዕቃው ቁጥር፣ የተሠራበት ጊዜ፣ አንዳንዴ ደግሞ የአገር ስም። ችግሩ ‹‹ይህ ቁጥር ነው፣ ይህ ቀን ነው›› ብሎ የሚነግርህ የለም። ጊዜው ብዙ ጊዜ በአራት አሃዝ ይጻፋል፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ዓመቱን፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ የዓመቱን ሳምንት ያመለክታሉ። 7404 ማለት እ.ኤ.አ. የ1974 አራተኛ ሳምንት ነው። ግን 7404 የሚባል በጣም የታወቀ ቺፕም አለ! ስለዚህ በ1974 በአራተኛው ሳምንት የተመረተ 7404 ጀርባው ላይ 7404 ሁለት ጊዜ ይጻፍበታል፣ ጀማሪም ግራ ይጋባል። የአገር ስሙም ያሳስታል። ማሌዥያ፣ ፊሊፒንስ፣ ኤል ሳልቫዶር የሚል ካየህ ሲሊከኑ እዚያ ተሠራ ማለት አይደለም፤ እግር ተገጥሞለትና ታሽጎ የወጣው እዚያ ነው ማለት ነው። የካሊፎርኒያው ፌርቻይልድ ገና በ1963 ሆንግ ኮንግ ላይ ማሸጊያ ከፍቷል፣ ኢንቴል በ1972 ፔናንግ ሄዷል። ርካሽ የሴት ጣት ፍለጋ ነው፤ ሌላ ስም የለውም። ፌርቻይልድ እዚያው አሜሪካ ውስጥም ሺፕሮክ በሚባል የናቫሆዎች ምድር ፋብሪካ ነበረው። የኩባንያው ብሮሹር ቺፑን ከናቫሆ ሴቶች ምንጣፍ ጥለት ጎን አቅርቦ፣ ሽመና የለመደ እጅ ይህን ሥራ ያውቀዋል ለማለት ይሞክር ነበር። ሽሮ ሜዳን አለማወቃቸው በጃቸው!

ወደ ቆርቆሮዬ ልመለስ።

የመጀመሪያው ቺፕ ግራጫ ነው፣ እንደ ሲኒ ስባሪ ይቀዘቅዛል፣ አሥራ አራት እግር አለው። አርማው የአንድ መሬት ካርታ ነው፣ በላዩ ሁለት ትንንሽ የላቲን ፊደሎች ተጽፈውበታል። የቴክሳስ ካርታ ነው፤ ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ማለት ነው። ከዚህ አርማ በላይ ለታሪክ የቀረበ አርማ ሊገኝ አይችልም። ጃክ ኪልቢ የሚባለው መሐንዲስ መስከረም 1958 (እ.ኤ.አ.) የመጀመሪያውን የተቀናጀ ሰርኪውት ሠርቶ ለአለቆቹ ያሳየው በዚህ ኩባንያ ውስጥ ነው። በዓመቱ የፌርቻይልዱ ሮበርት ኖይስ በብዛት ለማምረት የሚያመቸውን ዘዴ አመጣ። ኪልቢ የኖቤል ሽልማቱን የወሰደው በ2000 ነው፤ ኖይስ ከዚያ ዐሥር ዓመት ቀድሞ ሞቷል፣ ሽልማቱ ደግሞ ለሙታን አይሰጥም።

ቁጥሩ ኤስኤን5400ጄ ይላል። ይህን በሦስት ከፍሎ ማንበብ ነው። ‹‹ኤስኤን›› የቴክሳሶቹ መለያ ነው፤ ሌሎቹም የየራሳቸው መነሻ ነበራቸው፣ ናሽናል ‹‹ዲኤም››፣ ሞቶሮላ ‹‹ኤምሲ›› እያሉ። አርማው ቢጠፋ እንኳ ከመነሻው ፊደል ሠሪውን መገመት ይቻላል ማለት ነው። መጨረሻ ያለችው ‹‹ጄ›› ሽፋኑ ሴራሚክ መሆኑን ትናገራለች፤ ፕላስቲክ ቢሆን ‹‹ኤን›› ይባል ነበር። ዋናው ነገር መሐል ያለው 5400 ነው። ኩባንያው በ1964 የ54 ተከታታዮችን ለወታደር አወጣ፤ ከዜሮ በታች 55 ዲግሪ ላይም፣ ከዜሮ በላይ 125 ዲግሪ ላይም እንዲሠሩ ሆነው የተፈተኑ። ከዚያ በ1966 የነሱን ወንድሞች በርካሽ ፕላስቲክ አልብሶ 74 ብሎ ለሲቪሉ ሸጠ፤ እነዚያ ከዜሮ እስከ 70 ዲግሪ ድረስ ብቻ ነው የሚታመኑት። ከ54 እና ከ74 ኋላ የሚመጣው ቁጥር ሥራውን ይነግራል። ‹‹00›› ከሆነ ውስጡ አራት በሮች አሉ፤ እያንዳንዱ በር ሁለት ጠያቂ አለው፣ ሁለቱም ‹‹አዎ›› ካሉት ‹‹የለም›› ይላል፣ አለዚያ ግን ሁልጊዜ ‹‹አዎ›› ነው። ይህ ብቻ ነው ሥራው። በኛ ቤት እንዲህ ያለ ዘመድ አለ። ግን እነዚህን በሮች ብቻ በበቂ ቁጥር ደርድሮ የኮምፒውተርን ሒሳብ ሁሉ መሥራት ይቻላል።

ከታች 7312 ተብሏል። እ.ኤ.አ. የ1973 ዐሥራ ሁለተኛ ሳምንት። በኛ አቆጣጠር መጋቢት 1965 ዓ.ም.፣ ንጉሡ ገና ዙፋን ላይ ናቸው። ከአሜሪካ ጋር የተፈረመው የ1953ቱ የወታደራዊ ዕርዳታ ስምምነትም ገና ይሠራል፤ የጦሩ ሬዲዮ፣ የጦሩ አውሮፕላን፣ የጦሩ ማሠልጠኛ መጽሐፍ በአብዛኛው የአሜሪካ ነው። ለወታደር የተሠራ የአሜሪካ ቺፕ፣ በ1965 ዓ.ም.። እማማ ልክ ነች ማለት ነው? ቢያንስ ቺፑ አይቃረናትም። ደስ አለኝ። እውነቱን ለመናገር ትንሽ ዓይኔን አስለቀሰኝም። በሲጋራው ወረቀት ላይ የጣት ዕጥፋት አለ፣ ያ ዕጥፋት የሱ ጣት ይሆናል ብዬ አሰብኩ።

ሁለተኛውን እዚያው አለመተዌ ነው ጥፋቴ።

ሁለተኛው ቡናማ ፕላስቲክ ነው፣ እሱም ባለ አሥራ አራት እግር። አርማው ያልታወቀ ነው፤ የኩባንያ ስም የለው፣ ካርታ የለው፣ ጂኦሜትሪ ክፍል ውስጥ ሰልችቶት የተቀመጠ ተማሪ ደብተሩ ጠርዝ ላይ የሚሥላት ዓይነት ምልክት። ቁጥሩ በላቲን ስታነበው ትርጉም አይሰጥም። የስልክ ጠጋኙ ልጅ ‹‹ቻይና ነው›› ብሎ ደመደመ፤ ለሱ ያልታወቀ ሁሉ ቻይና ነው። እኔን የረዳችኝ አንዲት ፊደል ናት፤ እንደ ጎጆ ጣሪያ ወደ ላይ የሾለች። ሩሲያኛ ናት፣ ‹‹ኤል›› ነው የምትባለው። በሩሲያኛ ሲነበብ ካ155ላ3 ይሆናል። (የመጨረሻዋ 3 ራሷ ወጥመድ ናት፤ የሩሲያ ‹‹ዜ›› ፊደልና የሦስት ቁጥር መንታ ናቸው።)

እዚህ ላይ ነው አገር ከአገር የሚለየው። አሜሪካ ውስጥ ቁጥሩ የኩባንያ ነው፣ አርማው ደግሞ ማስታወቂያ ነው፤ የቴክሳስ ካርታ ማለት ‹‹እኛ ነን የሠራነው፣ እዩን!›› ማለት ነው። ሶቪየት ኅብረት ውስጥ ተገላቢጦሽ ነው። ቁጥሩ የመንግሥት ነው፣ በደረጃ ሕግ የወጣ፣ የትም ይመረት የት አንድ ነው። ፋብሪካዎቹ ግን ብዙዎቹ የተዘጉ፣ በስማቸው ሳይሆን በፖስታ ሳጥን ቁጥር የሚጠሩ ነበሩ። አርማቸው ስለዚህ ለሚያውቅ ብቻ የምትናገር ትንሽ ምልክት ናት፤ ኪየቭ ይሁን ሚንስክ፣ ዜሌኖግራድ ይሁን ሌላ፣ ከአርማው ለመለየት ሰብሳቢዎች ዛሬም ሠንጠረዥ ይዘው ይከራከራሉ። እኔ የኔዋን ምልክት ከሁለት ፋብሪካዎች ጋር አመሳሰልኳት፣ በአንዱ ላይ መወሰን ግን አልቻልኩም።

ቁጥሩ ግን ወለል ብሎ ይነበባል። ‹‹ካ›› ለሰፊው ሕዝብ አገልግሎት የተሠራ፣ ማለትም ሲቪል። 155 ተከታታዩ። ‹‹ላ›› የሥራው ዓይነት ነው፤ ያው ‹‹ሁለቱም አዎ ካሉ የለም›› የሚለው በር። 3 ደግሞ ከዚያ ዓይነት የትኛው እንደሆነ፦ አራት በር፣ እያንዳንዱ ባለ ሁለት ጠያቂ።

ይህን ሳነብ የት አውቀዋለሁ አልኩ። ያው 5400 ነው! ማለቴ፣ ሥራው አንድ ነው ብቻ ሳይሆን እግር በእግር አንድ ነው። በሁለቱም 14ኛው እግር አምስት ቮልት ይገባበታል፣ 7ኛው መሬት ነው። አንዱን ነቅለህ ሌላውን ብትተክል ቦርዱ ልዩነቱን አያውቅም። ልዩነቱ ያለው የት መሰላችሁ? በሜትርና በኢንች! አሜሪካኖች በእግርና በእግር መካከል የኢንች አንድ ዐሥረኛ ይተዋሉ፣ 2.54 ሚሊ ሜትር። ሶቪየቶቹ የሜትር ሰዎች ስለሆኑ 2.5 አድርገው ቆረጡት። ባለ አሥራ አራት እግሩ ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ 0.24 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው የሚዛነፈው፣ ተገፍቶ ይገባል። ባለ አርባ እግሩ ላይ ግን 0.76 ይደርሳል፣ እዚያ ጋ እግር መጥመም ይጀምራል። አርማና ቁጥር ሁለቱም ጠፍተው እንኳ በማስመሪያ ምዕራብና ምሥራቅን መለየት ይቻላል ማለት ነው።

እንዴት እንዲህ መንታ ሆኑ? መልሱ አጭር ነው፤ ቀዱት። በ1960ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካ ለትምህርት ሄዶ የነበረ ቦሪስ ማሊን የሚባል ሶቪየታዊ የቴክሳስ ኢንስትሩመንትስን ኤስኤን 51 ይዞ ሞስኮ ተመለሰ፤ የመሣሪያው ኃላፊ ሚኒስትር አሌክሳንደር ሾኪንም አንድም ሳይቀየር በሦስት ወር እንዲገለበጥ አዘዘ ይባላል። መሐንዲሶቹ ተናደዱ፤ እነሱም የሚሠሩት ነበራቸውና። ከዚያ በኋላ ግን መቅዳት ፖሊሲ ሆነ። ደግሞ ሶቪየት ብቻዋን አይደለችም፤ የቼኮዝሎቫኪያው ቴስላ ኤምኤች7400፣ የፖላንዱ ዩሲዋይ7400፣ የምሥራቅ ጀርመኑ ዲ100 አለ። ምዕራቡም ቢሆን ያው እርስ በርሱ ሲሠራው የኖረ ነው፣ የምዕራብ ጀርመኑ ሲመንስ ኤፍኤልኤች101 ይለዋል። ልዩነቱ ምዕራቡ አንዱ የሌላውን የሚሠራው ገዢው ‹‹ሁለተኛ ሻጭ ከሌለህ አልገዛም›› ስለሚል ነው፣ ምሥራቁ ደግሞ ሳይጠይቅ።

ታሪኩ ውስጥ አንድ ያስገረመኝ ነገር ልንገራችሁ። የሶቪየትን ቺፕ ከተማ ዜሌኖግራድን ካስጀመሩት ሰዎች መካከል ፊሊፕ ስታሮስና ዮሲፍ ቤርግ የሚባሉ ሁለት መሐንዲሶች አሉ። ግንቦት 4 ቀን 1962 (እ.ኤ.አ.) ክሩሽቼቭ ሌኒንግራድ የሚገኘው ቢሯቸው ድረስ መጥቶ ሥራቸውን ጎበኘ፤ በዚያው ዓመት የማዕከሉ መመሥረት ጸደቀ። ሰዎቹ ሩሲያኛቸው ትንሽ ይኮላተፋል፣ ከየት እንደመጡ በደንብ የሚያውቅ የለም። በኋላ እ.ኤ.አ. በ1983 ማርክ ኩችሜንት የሚባል የሃርቫርድ ተመራማሪ ስታሮስ ማለት አልፍሬድ ሳራንት እንደሆነ ይፋ አደረገ፤ ቤርግ ደግሞ ጆኤል ባር። ሁለቱም ከሮዘንበርግ የስለላ ክስ ጋር በተያያዘ በ1950 የጠፉ አሜሪካውያን! አያችሁ፣ ሰውም እንደ ቺፕ ጀርባው ተፍቆ ሌላ ስም ይታተምበታል። ሳራንት ይህ ከመታወቁ ቀድሞ በ1979 ሞቷል።

ለአሜሪካኖቹም ነገሩ የተሰወረ አልነበረም። በ1980ዎቹ የዲጂታል ኢኩዊፕመንት መሐንዲሶች አንድ ቺፓቸው ላይ፣ በዓይን በማይታይ መጠን፣ እዚያው ሲሊከኑ ውስጥ በተሰባበረ ሩሲያኛ ጽፈውበታል። መልእክቱ በግርድፉ ‹‹ከልባችሁ ስትሰርቁ ምርጡን ስረቁ›› ነው። ያ ጽሑፍ የሚነበበው ቺፑን ከፍቶ በማይክሮስኮፕ ለሚያይ ሰው ብቻ ነው። ማን ከፍቶ ያያል? ሊቀዳ የሚፈልግ።

እንግዲህ እነዚህ ሁለት ባላንጣዎች ገፈርሳ ላይ በአንድ የብር ወረቀት ተጠቅልለው ነው የተገኙት።

የኛ አገር ታሪክም ያው ነው። የካርተር መንግሥት በየካቲት 1969 ዓ.ም. በሰብዓዊ መብት ሰበብ ወታደራዊ ዕርዳታውን ቀነሰ። ደርግ በሚያዝያ ቃኘው ጣቢያንና የአሜሪካን ወታደራዊ ተልዕኮ ዘጋ። በዚያው ወር መንግሥቱ ኃይለማርያም ሞስኮ ሄደ። ከእማማ ቤት በአምቦ መንገድ ትንሽ ፈቀቅ ብሎ ታጠቅ ጦር ሠፈር ውስጥ የሚሊሻ ሠራዊት ሲሠለጥን፣ እማማ ‹‹መሬቱ ይርገበገብ ነበር›› ትላለች። በሐምሌ ሶማሊያ ወረረች። በኅዳር 1970 ዓ.ም. የሶቪየት አውሮፕላኖች ታንክና መድፍ ሲያራግፉ ጀመር። በጦርነት መሐል አንድ ሠራዊት መሣሪያውን፣ መጽሐፉን፣ መለዋወጫውን ሁሉ ከእንግሊዝኛ ወደ ሩሲያኛ ቀየረ። ለሬዲዮ ጠጋኝ ይህ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት፤ ትናንት የምታውቀው ቁጥር ሁሉ ዛሬ ሌላ ነው። ውስጡ ግን ያው። ‹‹አያቴ ይህን ያወቀ የመጀመሪያው ሰው ነው! ሁለቱን አስተያይቶ አንድ መሆናቸውን ደርሶበት አብሮ ጠቀለላቸው!›› ብዬ ለዚህ ገጽ የሚሆን ጽሑፍ በጭንቅላቴ ጻፍኩ። ርዕሱም ሁሉ ወጥቶለት ነበር።

ከዚያ ከታች ያለውን አራት አሃዝ አነበብኩ። 8708።

ሶቪየቶቹ አንዳንዴ ዓመትና ወር፣ አንዳንዴ ዓመትና ሳምንት ይጽፋሉ፤ ስለዚህ ነሐሴ ወይም የካቲት ሊሆን ይችላል። ዓመቱ ግን በየትኛውም አነባበብ 1987 ነው። በኛ 1979 ዓ.ም.። አያቴ ከሞተ ዘጠኝ ዓመት በኋላ።

ደግሞ ‹‹ካ›› አለበት፤ ሲቪል ነው። ከጦር የወጣ ቢሆን ‹‹ካ›› የሌለው ነበር የሚጠበቀው፤ የዚህ ቤተሰብ የወታደር ወገን 133 ነው የሚባለው፣ ቅርጹም ጠፍጣፋ ነው። ስለዚህ ይህ ቺፕ የአያቴ አይደለም፣ የጦሩም አይደለም። እሱን ከወደቅኩ ያኛውስ? 7312 የሚለው ቁጥር ቺፑ መቼ እንደተሠራ እንጂ መቼ ቆርቆሮው ውስጥ እንደገባ አይናገርም። የ1965 ዓ.ም. ቺፕ በ1985 ዓ.ም. ከመርካቶ ጎዳና ላይ ሊገዛ ይችላል። የቀን ቁጥር ‹‹ከዚህ በፊት አይደለም›› ይላል፣ ‹‹ከዚህ በኋላ አይደለም›› ግን አይልም። የመጀመሪያውን ሳነብ ያንን ረስቼው ነበር፤ ደስ ስላለኝ።

ሦስት ቀን ለእማማ ሳልነግራት ቆየሁ። ምን ልበላት? ዐርባ ስምንት ዓመት ያስቀመጥሽው የሱ አይደለም ልበላት?

በዚህ መሐል ሦስተኛውን ያዝኩ። ባለ አሥራ ስድስት እግር ነው፣ ጥቁር ፕላስቲክ። ትንፋሽ ቢባል፣ መብራት ቢባል፣ ምንም የለም። በማጉያ ሲታይ ጀርባው ላይ ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ የሚሄዱ ቀጫጭን ጭረቶች አሉ። ጽሑፉ አልደበዘዘም፤ ተፍቋል። በአሸዋ ወረቀት፣ ሆን ተብሎ።

ቺፕ የሚፋቀው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው የዕቃው ሠሪ ራሱ ተፎካካሪው አይቶ እንዳይቀዳው ሲደብቅ። ሁለተኛው ደግሞ አሮጌውን አዲስ፣ ሲቪሉን ወታደር ለማስመሰል ፍቆ፣ በጥቁር ቀለም ሸፍኖ፣ አዲስ አርማና አዲስ ቀን ማተም ነው። ይህ የሠፈር ቀልድ አይደለም። የአሜሪካ ሴኔት የጦር ኮሚቴ በ2012 ባወጣው ሪፖርት፣ በሁለት ዓመት ውስጥ ብቻ 1,800 ያህል የተጠረጠሩ ፎርጅድ ጉዳዮችን በራሱ ጦር የመሣሪያ ግዢ ውስጥ አግኝቷል፤ ዕቃዎቹ ሲቆጠሩ ከአንድ ሚሊዮን ይበልጣሉ። ብዙዎቹ ከተጣለ ኮምፒውተር የተነቀሉ ነበሩ። አርማው ምን ያህል ሊታመን እንደሚችል ሌላም ምሳሌ አለ። በ2014 ኤፍቲዲአይ የሚባለው ኩባንያ የሱን አርማ ለብሰው የሚሸጡ ፎርጅድ ቺፖች በዝተውበት፣ በዊንዶውስ ማሻሻያ በኩል የመጣው ፕሮግራሙ ፎርጅዶቹ ላይ መለያ ቁጥራቸውን ዜሮ ያደርግባቸው ጀመር። ኮምፒውተሩ አያውቃቸውም፤ ሞቱ። የገዛው ምስኪን ግን ፎርጅድ መግዛቱን እንኳ አያውቅም ነበር፤ አርማው ያው ነዋ! ጩኸት ሲበዛ ኩባንያው ፕሮግራሙን አነሣ። ከዚያ ቀደም ብለው ሩሲያውያን ባለሙያዎች ሁለቱን በአሲድ ከፍተው አይተዋቸው ነበር፤ ከላይ አንድ ዓይነት፣ ውስጣቸው ፈጽሞ የማይገናኝ። ፎርጅዱ ውስጥ ሲሊከኑ ላይ የሌላ ሠሪ ስም ተጽፎ ተገኘ። ውጪው ይዋሻል፣ ውስጡ ረስቶት እውነቱን ይጽፋል።

የኔን በአሲድ የሚከፍትልኝ የለም፤ ቢኖርም ተከፍቶ ተመልሶ አይዘጋም። የቡራዩው ልጅ በመለኪያው እግር በእግር ነካክቶ ‹‹ባለ አሥራ ስድስት እግር በዓለም ላይ ስንት ሺህ ዓይነት አለ መሰለሽ?›› ብሎ መለሰልኝ።

በአራተኛው ቀን ለውጭ አገሩ አጎቴ ፎቶዎቹን በቴሌግራም ላክሁለት። በደርግ መጨረሻና በኢሕአዴግ መጀመሪያ ቡራዩ ላይ ትንሽ የሬዲዮና የቴፕ ጥገና ሱቅ ነበረችው። በድምፅ መለሰ፣ እየሳቀ፦ ‹‹ቡናማው የኔ ነው! ከአንድ ከተጣለ የሩሲያ ማሽን ነቅዬው ነው፤ ምን እንደነበረ ግን ረስቼዋለሁ። ግራጫውን እኔ አልነካሁትም፣ ድሮም እዚያው ነበር። ተፍቆ ያለውን አላስታውሰውም።›› ከዚያ ትንሽ ዝም ብሎ፣ ‹‹ወረቀቱን ግን እኔ ነኝ የጠቀለልኩት። ያባቴን ከኔ ጋር›› አለ።

ማታ ለእማማ ነገርኳት። እየፈራሁ፣ ከቁጥሩ ጀምሬ፣ ከ1987ቱ፣ ከ‹‹ካ›› ፊደሏ። ጤፍ እየለቀመች ነበር፤ ቀና እንኳ ሳትል፦

‹‹ታዲያ ያጎትሽ ነዋ። ልጁ አይደለም እንዴ? እኔ መቼ የሱ ብቻ ነው አልኩሽ?››

ብላኛለች በትክክል፤ ‹‹ያያትሽ ነው›› ብላ ቆራሌው ላይ ጮኻለች፣ እኔ ምስክር ነኝ። ግን ማን ይከራከራታል።

ሰፌዱን አስቀምጣ ሦስቱንም በመዳፏ ይዛ በመብራት አየቻቸው። ግራጫውን ለየች፣ ቡናማውን ለየች፣ ጥቁሩን አገላበጠችው።

‹‹ይሄኛውስ?››

‹‹እሱን አላወቅሁትም እማማ። ተፍቋል።››

‹‹እንግዲያው አብሯቸው ይቀመጥ›› አለችና ወረቀቱን በድሮው ዕጥፋቱ አጥፋ ጠቀለለቻቸው።